የነገው ቀን በሰሌዳው ጥግ

የአራተኛ ክፍል መምህርት ዓርብ ጠዋት ክፍሏ ውስጥ ሞታ ስትገኝ፣ አርባ ሦስት ተማሪዎቿ በሩ ላይ ተሰልፈው ይጠብቋት ነበር። ዘበኛው ጓጉንቸሩን ከፍቶ አንድ እግሩን እንዳስገባ ወደ ኋላ ተመለሰና «ዛሬ ትምህርት የለም» አላቸው። ልጆቹ በደስታ ጮኹ። ምን ያድርጉ፣ አላወቁም።

መርማሪዋ በሦስት ሰዓት ደረሰች። አጭር፣ ኮስታራ፣ በሥራዋ ጥርሷን የነቀለች ሴት ናት፤ ሰው ሲያናግራት ከፊቱ ይልቅ እጁን ታያለች። ሟቿ ከመምህር ጠረጴዛ ሥር በጀርባዋ ተዘርግታለች። ጭንቅላቷ ከኋላ ተፈንክቷል፤ በጠረጴዛው የብረት ጠርዝ ላይ ደም ደርቋል። ወዲያ ከግድግዳው ሥር አንድ ወንበር ተገልብጧል፤ አጠገቡ የተጠቀለለ ትልቅ ወረቀት ወድቋል። ሰሌዳው ጥርግ ብሏል፤ በቀኝ ጥጉ የዓርብ ቀን ብቻ በትልቁ ተጽፎበታል።

«ወንበር ላይ ወጥታ ወረቀት ስትሰቅል ወድቃ ይሆናል» አለ ወጣቱ ፖሊስ።

«ከዚያ ወድቃ እዚህ ጭንቅላቷን ለመመታት መብረር ነበረባት። ደግሞስ ከሞተች በኋላ በሩን ከውጭ ማን ቆለፈው?»

ጥቅሉን ዘረጋችው፤ የማባዛት ሰንጠረዥ ነው። የፊደል ገበታው ጥጉ ላይ ከሌሎች ጥቅሎች ጋር ቆሟል። ወረቀቱን መልሳ ጠቀለለችና ስላየችው ነገር ለማንም ትንፍሽ እንዳይል ፖሊሱን አስጠነቀቀችው።

ሐሙስ ከሰዓት ሌሎቹ መምህራን በሙሉ ለስልጠና ሄደው ነበር። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ግቢው ውስጥ ከሟቿ ሌላ የቀሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ርዕሰ መምህሩ፣ ዘበኛውና የጎረቤት ክፍል አስተማሪዋ።

ርዕሰ መምህሩ ፍርዱን ጨርሶ ነበር የጠበቃት።

«ቁልፍ ያለው ዘበኛው ነው። ባለፈው ሳምንት በር ክፍት ትቶ ሄደ ብላ ከስሳው ነበር። "ታገኚያታለሽ!" ሲላት ሁላችንም ሰምተናል።»

ዘበኛው በሁለት ፖሊሶች መሐል ተቀምጧል። ቃልህ ነው ያሉትን ወረቀት አምጥተው ፈርም ሲሉት እምቢ ብሏል። ሽማግሌ ነው፤ ግን በዚያ ግቢ ዘበኛን አንቱ የሚል የለም። መርማሪዋ አንቱ ስትለው ወደ ኋላው ዞሮ አየ።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ያልኩትን ብያለሁ» አለ። «ሰው ግን አልገደልኩም ልጄ። እኔ ከታሰርኩ የልጅ ልጄ ማን አላት? እናት የላት፣ አባት የላት።»

«ሰሌዳውን የጠረጉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ? ፊደል እንኳ አልቆጠርኩም! ደግሞ ሰሌዳ እንዳንነካ ከልክላናለች። ጠዋት ጠዋት ተረኛ ልጅ ነው የሚጠርገው፤ ቀኑንም የሚጽፈው ተረኛው ነው። ለዚያች ተራ ሲሉ ይደባደባሉ።»

«የዛሬው ተረኛ ማን ነበር?»

ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። «የልጅ ልጄ ናት። ትናንት ቤት ቀኑን መጻፍ ስትለማመድ አመሸች።»

መርማሪዋ የሟቿን የሳምንት ዕቅድ ደብተር ከመሳቢያው አወጣች። በየቀኑ ትይዩ የተጻፈው አጭር ነው። ሰኞ፦ «ንባብ። ሁሉም አነበቡ። ደስ ብሎኛል።» ማክሰኞ፦ «ሌላ ገጽ ሰጠኋቸው። የትናንቱን አነበቡ።» ረቡዕ፦ «መጽሐፉን ገልብጬ ሰጠኋቸው። ያንኑ አነበቡ። አንዳቸውም አልተደናቀፉም።» የሐሙስ ቦታ ባዶ ነው። መርማሪዋ ረቡዕን ሁለት ጊዜ አነበበች።

የጎረቤት ክፍሏን አስተማሪ ሁሉም «እትዬ» ይሏቸዋል፤ ስማቸውን የሚያውቅ ቢኖር የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምረዋል። ርዕሰ መምህሩን ራሱን እርሳስ አያያዝ ያሳዩት እሳቸው ናቸው። አርባ ሦስቱንም ልጆች ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሳለፉት እሳቸው ናቸው።

«ግቢ ልጄ፣ ግቢ» አሉ። ጠረጴዛውን በግራ እጃቸው ዳር ዳሩን ይዘው ሄደው ተቀመጡና ለእንግዳቸው ውሃ ቀዱ። ሲቀዱ አንድ ጣታቸው ብርጭቆው ውስጥ ነበረ።

«ሐሙስ አግኝተዋት ነበር?»

«የለም፣ እኔ ከልጆቹ ጋር ነው የወጣሁት። ምስኪን! የፊደል ገበታውን ልሰቅል ስትል እንዲህ ትቅር? ክፍሏ እንኳ አልገባሁም፤ አስከሬን የማይበት አቅም የለኝም።»

መርማሪዋ ቀና ስትል ከሴትዮዋ ጀርባ ያለውን ሰሌዳ አየች። ጥርግ ብሏል፤ በቀኝ ጥጉ የሰኞ ቀን ተጽፏል።

«ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ እትዬ?»

«ሰሌዳ ሳልጠርግ፣ የሚቀጥለውን ቀን ሳልጽፍ፣ በሬን ሳልቆልፍ ወጥቼ አላውቅም» አሉ፣ በኩራት። «አስተማሪ ሰሌዳ አቆሽሾ አይሄድም።»

መርማሪዋ ውሃውን ሳትቀምሰው ተነሣች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በሟቿ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ትልልቆቹ ሰዎች በልጆቹ ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ተቀመጡ።

«ከበሩ እንጀምር» አለች። «ጓጉንቸር ቁልፍ የሚፈልገው ሲከፈት ነው። ሲዘጋ ማንም ጫን ያደርገዋል። ስለዚህ ቁልፉ ማንንም አያስከስስም። ቀጥሎ ሰሌዳው። ሟቿ አትጠርግም፣ ቀንም አትጽፍም፤ የተረኛው ሥራ ነው። ተረኛዋ ደግሞ በር ላይ ቀርታለች። እዚህ የዓርብን ቀን የጻፈው ሐሙስ የነበረ ሰው ነው። ዘበኛው መጻፍ አይችሉም። ርዕሰ መምህሩስ? ጠመኔ ከጨበጡ ስንት ዓመትዎ ነው?»

«አሥር» አለ ሰውየው።

«ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል። ገዳዩ ደንግጦ እንኳ ሰሌዳ ጠረገ፣ የነገውን ቀን ጻፈ፣ በር ቆለፈ። እንደ ሁልጊዜው።»

ከግድግዳው ሥር ወደ ወደቀው ጥቅል አመለከተች።

«የመጨረሻው ወረቀቱ ነው። ከወንበር የወደቀች እንዲመስል ወንበሩን ገልብጦ ወረቀቱን የጣለው ገዳዩ ነው፤ ወረቀት መኖሩን ግን ለማንም አልነገርንም። እትዬ ግን የፊደል ገበታ ነው አሉኝ። ወለሉ ላይ ያለው የማባዛት ሰንጠረዥ ነው፤ በእጅ ሲዳሰስ ሁለቱ አንድ ናቸው። እትዬ፣ ዓይንዎ ከጠፋ ስንት ጊዜ ሆነ?»

አሮጊቷ ከፊታቸው ያለውን የልጆች ጠረጴዛ ዳር ዳሩን ዳሰሱ።

«አራተኛ ዓመቱን ያዘ» አሉ በመጨረሻ። «መጽሐፉን በቃሌ አውቀዋለሁ። እኔ እላለሁ፣ እነሱ ይላሉ። ጣታቸው የት እንዳለ በምን ልይ? ሐሙስ ጠራችኝና "ልጆቹ አንድ ፊደል አያውቁም፣ አብረን ሄደን እንናገር" ብላ ክንዴን ያዘችኝ። ከክፍል ከወጣሁ ምን እሆናለሁ? ገፋኋት። ስትወድቅ አላየኋትም፤ ሰማኋት። ደጋግሜ ጠራኋት፣ አልመለሰችም።»

ርዕሰ መምህሩ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «የዓይናቸውን ነገር አውቅ ነበር» አለ። «ጡረታቸው ሊደርስ ሁለት ዓመት ቀረው ብዬ ነው።»

«ዘበኛውንስ ምን ብለው ነው የወነጀሉት?» አለች መርማሪዋ።

አይጥ በበላ ዳዋ ሊመታ ነበር፤ ለጊዜው ተረፈ። መርማሪዋ የሽማግሌውን ቃል ራሷ ጽፋ እንዲፈርም ሰጠችው።

«ሳይነበብልኝማ አልፈርምም» አለ ሽማግሌው፤ ከጠዋት ጀምሮ ያኔ ገና ሳቀ። «አንቺን ጠርጥሬ አይደለም። ጠዋት ያላልኩትን ሊያስፈርሙኝ ነበር። ደግሞ የራሴ አንባቢ አለችኝ፤ አራተኛ ክፍል ናት!»

መርማሪዋ ልትከለክለው አፏን ከፈተች፤ ምን ብላ? ልጅቷ ከደጅ ሮጣ ገባች። ወረቀቱን ተቀብላ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ጣቷን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አድርጋ ጥርት ባለ ድምፅ ጀመረች።

«ፀሐይ ወጣች። ወፎች ዘመሩ። እኛም ተደስተን ወደ ትምህርት ቤት ሄድን።»

የሽማግሌው ሳቅ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ወረቀቱን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ መርማሪዋን አየ።

«ይህንንማ ቤትም አንብባልኛለች» አለ ቀስ ብሎ። «ከደብዳቤም፣ ከጋዜጣም...»

መርማሪዋ ዓይኑን ማየት አቃታት። በሩ ላይ እትዬ በሁለት ፖሊሶች መሐል ቆመዋል፤ የልጅቷን ድምፅ ሲሰሙ ሳይታወቃቸው ቀና አሉ።

«ጎበዝ የኔ ልጅ» አሉ። «ቀጥዪ።»

ልጅቷ ጣቷን ወደሚቀጥለው መስመር አወረደች።