ስንቅ ያልተቋጠረለት መንገደኛ

ሁንዴ ዱጉማ አቃቂ ባቡር ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሻንጣውን እንዳቀፈ ሞቶ ተገኘ። ሐረር አጠገብ ባለው የዓለማያ ኮሌጅ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። የድሬዳዋው ባቡር ሬሳ አይጠብቅም፤ ፉጨቱን አሰምቶ ሄደ።

ሐኪሙ «የአይጥ መርዝ ነው» አለ። ሰፈሩም ወዲያው ፈረደ፤ ገዳዩ አሻግሬ ነው፣ በፈተና ወድቆ የቀረው የእንጀራ እናቱ ልጅ። ሻንጣውን ተሸክሞ የሸኘውም እሱ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ገመዱ ላንገቱ ተለክቶለት ነበር ማለት ይቻላል።

መርማሪው ሻምበል አምባው ግን የሰፈር ፍርድ አይወድም። የሟቹን ሻንጣ ከፈተ፤ ሁለት ሸሚዝ፣ ሳሙና፣ የእርሻ መጻሕፍት፣ ሌላ ምንም የለም። ከኮት ኪሱ ያገኘውን ለማንም ሳያሳይ ደብተሩ ውስጥ ሸጎጠና ወደ ሟቹ ቤት አመራ።

አባትየው አቶ ዱጉማ ደጅ ተቀምጠዋል።

«ልጅዎ በምን ሊሄድ ነበር?»

«በአውሮፕላን ነዋ! መሳፈሪያውን ሰጥቼው፣ መርቄው፣ በማለዳ እርሻ ወረድኩ። ባቡር ጣቢያ ምን ሊያደርግ ሄደ?»

አሻግሬ እዚያው ግቢ ውስጥ እጁ በካቴና ታስሯል።

«እኔ በአውቶቡስ ሂድ ብዬው ነበር፣ ሾፌሩን አውቀዋለሁ። እሱ ግን በባቡር አለ። ‹ጣቢያ ስንደርስ የምነግርህ አለ› ብሎኝ፣ ሳይነግረኝ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። ሰው ልጠራ ሮጥኩ።»

«ከዚህ በፊት ሲሄድ ምን ይይዝ ነበር?»

«እማዬ የምትቋጥርለትን ዳቦ ቆሎ። ትከሻዬ እስኪላቀቅ ነበር የምሸከመው። ዛሬ ግን ቀለለኝ።»

የእንጀራ እናትየው ወይዘሮ ብዙወርቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ያለቅሳሉ።

«በባቡር መሄዱን ያውቁ ነበር?»

«እንዴታ! የመከርኩት እኔው ነኝ። አውቶቡስ ያንገላታል፤ ባቡር ላይ ቀንም ሌሊትም እንቅልፉን ይተኛል። በማለዳ ተነስቼ ሻይ አፈላሁለት። ከራሴ ልጅ ለይቼው አላውቅም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሻምበሉ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰባቸው።

«መርዙ የተጠጣው እዚሁ ቤት ነው» አለ። «አቶ ዱጉማ ልጃቸው ባንድ ሰዓት የሚያደርስ አውሮፕላን ይሳፈራል ብለው ነበር፤ ስንቅ ትዝ ባይላቸው አይፈረድባቸውም። አሻግሬ ገድሎት ቢሆን ኖሮ፣ ምንም ያላወቁት እናቱ እንደ ልማዳቸው ዳቦ ቆሎውን ይቋጥሩ ነበር። እርስዎ ግን፣ ወይዘሮ ብዙወርቅ፣ ቀንና ሌሊት እንደሚጓዝ እያወቁ ባዶ እጁን ሸኙት። መንገደኛን ያለ ስንቅ የሚሸኝ፣ እንደማይደርስ የሚያውቅ ብቻ ነው።»

ወይዘሮዋ ልቅሷቸውን አቆሙ።

«በመጣ ቁጥር አገሩ ሊቀበለው ይወጣል፤ የእኔ ልጅ ሻንጣ ይሸከማል! የወለደችው የእሱ እናት ብቻ ናት? ዳቦ ቆሎዬን ለሬሳ አላባክንም።»

«ልጅዎ ሲታሰርስ ለምን ዝም አሉ?»

«ይለቁታል ብዬ…»

ሻምበሉ ሁለት ትኬትና አንድ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ከሟቹ ኪስ ነው። በአውሮፕላኑ መሳፈሪያ ሁለት የባቡር ቦታ ገዝቶበታል። ሁለተኛው የአሻግሬ ነው፤ ይሄ ደግሞ በኮሌጁ እርሻ የተገኘለት የሥራ ደብዳቤ።»

አቶ ዱጉማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ካቴናው ተፈታ። አሻግሬ ትኬቱን አንስቶ አገላበጠው፣ ከዚያ እናቱን ቀና ብሎ አየ።

«እማዬ፣ ለእኔም ሻይ አፍይልኝ» አላት። «እኔም መንገደኛ ነበርኩ።»