የጎመኑ መድኃኒት

ብርድ ሲገባ ምክር የሚፈልግ የሰፈራችን ሰው የሚሄደው ወደ ጎረቤቴ ነው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። መሪውን ካስረከቡ ወዲህ ከጓሮአቸው ስለማይጠፉ ስማቸው ቀርቶ ሁላችንም «ጋሽ ቅጠል» እንላቸዋለን። እንዴት አደሩ ያላቸው ሰው ስለ ካሮት ሳይሰማ አይሄድም። «ካሮቱን አትጠበው፤ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ቅበረው። ድንችና ሽንኩርት አንድ ላይ አታስቀምጥ፣ ይበላሹብሃል። ውርጭ ሊጥል ሲል ጎመኑን ጆንያ አልብሰው፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ግለጥለት።» ምክራቸው እውነት ነው፤ እኔም ሠርቼበት ተጠቅሜያለሁ።

ወጥ ቤታቸው ሌላ ጓሮ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር የካሮቱ ሣጥን፣ ከጣሪያው የተጎነጎነ ሽንኩርት፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ደግሞ በየጣሳው የቲማቲም ችግኝ። ባለቤታቸው እትዬ «ድስት የማሳርፍበት አጣሁ እኮ! ሰውዬው ያገባው እኔን ነው ቲማቲሙን?» እያሉ ያስቁናል።

ከችግኞቹ መሃል አንዲት ቡናማ ጠርሙስ ነበረች። ድሮ የልጅ ልጃቸው የሳል ሽሮፕ የነበረባት ናት። ጋሽ ቅጠል አጥበው ወደ እርሻ ዕቃ መደብር ይዘዋት ሄዱ፤ ሻጩም ከጀሪካን የተባይ ማጥፊያ ቀዳላቸው። ለምን ይህችን መረጡ? ቆቧ መለኪያ ስለሆነ። ለምን ወጥ ቤት አስቀመጧት? የውጭው ብርድ እንዳያበላሸው። ሁሉም ታስቦበት የተደረገ ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝም ይኸው ነው።

ዳቦ ቤት የምትሠራው ልጃቸው፣ የሕፃኗ እናት፣ አንድ ቀን እኔ ባለሁበት ጠርሙሷን አነሣቻት።

«አባዬ፣ ይሄ ነገር እዚህ ምን ይሠራል? ልጅ ያለበት ቤት እኮ ነው!»

«የጎመን መድኃኒት ነዋ! ምነው መርዝ አስመሰልሽው?»

«መርዝ አይደል እንዴ?»

«መርዝ ቢሆን ጎመኑ አይደርቅም ነበር? ደግሞ ልጅቷ እዚያ ድረስ አትደርስም።»

እውነታቸውን ነው፤ ልጅቷ አትደርስም። የትልቅ ሰው እጅ ግን ይደርሳል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። አናጺ ነኝና ግቢዬ ውስጥ በር እየላግሁ ስለነበር ሁሉንም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጋሽ ቅጠል ጎመናቸውን ተባይ ወርሮት፣ እትዬን «መድኃኒቱን በጥብጪልኝ» ብለው ጓሮ ገብተዋል። እትዬ ግን የጎመኑ ነገር ከነጭራሹ ተረስቷቸዋል፤ የልጅ ልጃቸው ጠዋት የጀመራት ሳል ነው ያስጨነቃቸው። እናቷ አዲስ ሽሮፕ ገዝታ የት እንዳኖረችው ጠፋባቸውና በመስኮቱ ተጣሩ።

«አንተ! መድኃኒቱ የት ነው?»

«መስኮቱ ላይ! ቡናማዋ ጠርሙስ!»

«ስንት ላድርግ?»

«አንድ ቆብ! ከዚያ እንዳታሳልፊ!»

ጉንፋን የእትዬን አፍንጫ ዘግቶታል። ሕፃኗ «እማማ፣ ይሸታል» አለች።

«መድኃኒት ሁሉ ይሸታል፣ የኔ ቆንጆ። አፍንጫሽን ያዢና ዋጥ አድርጊው።»

ልጅቷ እሺ ባይ ናት። አፍንጫዋን ይዛ አንድ ጉንጭ ዋጠች፤ የቀረውን አቃጥሏት ተፋችው።

ጋሽ ቅጠል መርጫቸውን ተሸክመው ገቡ። «ባልዲው የታለ?»

«የምን ባልዲ?»

«መድኃኒቱን የበጠበጥሽበት ነዋ!»

«ለልጅቷ ሰጠኋት እኮ! አንድ ቆብ አላልከኝም?»

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ጩኸት ነው። አጥሩን ዘልዬ ስገባ የልጅቷ አፍ ምራቅ ያዝረበርባል፣ ግንባሯ በላብ ርሷል፣ የዓይኗ ብሌን ጠብቦ መርፌ የወጋው ቀዳዳ አክሏል። መኪናዬን አስነሥቼ ስመለስ እትዬ ወተት እየጋቷት፣ ጋሽ ቅጠል ጣታቸውን ጉሮሮዋ ውስጥ ሊከቱ ሲሉ ደረስኩ። ነጥቄ አቅፌ መኪናው ውስጥ አስገባኋት።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ነርሷ ተቀበለችን። «ምን ሆና ነው?»

«መድኃኒት ጠጥታ» አሉ ጋሽ ቅጠል፣ ጠርሙሷን እየዘረጉ።

ነርሷ የተለጠፈውን ወረቀት አነበበች። «የሳል ሽሮፕ? ስንት ጠጣች?»

«አንድ ጉንጭ ቢሆን ነው።»

«አንድ ጉንጭ ሽሮፕ እንዲህ አያደርግም፣ አባት። ሌላ ሕመም አላት እንዴ? ትኩሳት ነበራት?» ብላ ግንባሯን ትዳስስ ጀመር።

የልጅቷ ትንፋሽ ያፏጫል። ጋሽ ቅጠል «መድኃኒቱ... የጎመን...» ብለው ቆሙ። ስለ ካሮት ሲያወሩ ፋታ የማይሰጡት ሰው ምላሳቸው ተሳሰረ። ያቺን ቃል መጥራት ማለት ለልጃቸው ልጅ ምን እንደሰጡ ማመን ነው። እኔ ላወጣው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«መርዝ ነው!» ብለው ጮኹ። «ሽሮፕ አይደለም! መርዝ ነው ያጠጣናት!»

ኮሪደሩ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ዞረ። ነርሷ ልጅቷን ከእጄ ነጥቃ ሮጠች። ሐኪሙ ወጥቶ «የምን መርዝ? ስሙ ማን ነው?» ሲል ጠርሙሷን አገላበጥናት። ጠርሙሷ ላይ ያለው የሽሮፑ ስምና አንድ የሚስቅ ሕፃን ሥዕል ብቻ ነው። ወደ መደብሩ ደወልኩ። ሻጩ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ከየትኛው ጀሪካን እንደቀዳሁላቸው አላስታውስም።»

እናቷ ከዳቦ ቤት ዱቄት በዱቄት ሆና ደረሰች። አባቷን በጎን አልፋ ወደ ልጇ ሮጠች። ብትሰድባቸው ይቀላቸው ነበር።

ልጅቷ በስንት መከራ ተረፈች። ወደ ሆስፒታል ተልካ መተንፈሻ ተገጥሞላት ሰነበተች። የሆስፒታሉ ሐኪም ሲያሰናብተን በቁጣ ነበር። «ወተት አትጋቱ፣ በጣት አታስመልሱ፤ ወደ ሳንባዋ ቢገባ እዚያው ትቀርባችሁ ነበር። መርዙን ስሙ ከተጻፈበት ከነዋናው ዕቃው ይዛችሁ ሩጡ። እንደ እሷ የመጣ ልጅ ሁሉ በእግሩ አይወጣም።»

ወገኖቼ፣ እስቲ የየቤታችንን መስኮት እንይ። ብርድ መጣ ብለን ከጓሮ ወደ ወጥ ቤት ያስገባነው ስንት ነገር አለ? ካሮቱ ይግባ፣ ሽንኩርቱ ይሰቀል፣ ችግኙም ፀሐይ ይሙቅ። መርዝ ግን ከነስሙ፣ ከነዋናው ዕቃው፣ ከምግብና ከልጅ ርቆ ውጭ ይቆለፍበት። ስሙንም አናቆላምጠው። ተባይ የሚገድለውንና ልጅ የሚያድነውን በአንድ ስም እየጠራን እትዬን «ለምን አላወቁም?» ማለት ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

በቀደም ጋሽ ቅጠልን በመኪናዬ ወደዚያው መደብር ወሰድኳቸው፤ የሽንኩርት ዘር ፈልገው ነበር። ከፊታችን ልጅ ያዘለች ሴት የውሃ መያዣ ጠርሙስ ለሻጩ ዘረጋች።

«የቲማቲም መድኃኒት ትንሽ ቅዳልኝ።»

ሻጩ ጀሪካኑን አነሣ።

«ልጄ፣ መርዙን በመጠጫሽ አትቀበዪ» አሉ ጋሽ ቅጠል።

ሻጩ ተቆጣ። «ጋሼ፣ ደንበኛ አያስደንግጡብኝ እንጂ! መድኃኒት ነው፤ ሁሉም ሰው የሚለው እንደዚያ ነው።»

«እኔም እንደዚያ ስል ነበር። የልጅ ልጄ ጠጣችው።»

ሴትዮዋ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ሻጩን እያየች ቀረች። ከጀርባዋ ያለው ሕፃን ግን ጠርሙሱን አውቆታል። በትከሻዋ በኩል እጁን ዘርግቶ «ውሃ» አለ።