ሁለተኛው ገጽ

«አስራ ሰባት ቁጥር!»

የተጠራው በስዊድንኛ ቢሆንም እማማ ሸዋሉል ከኢየሩስ ቀድመው ሰሙት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የወረፋ ቁጥር ይዞ የኖረ ሰው እንዲህ ያለውን አይስትም። የእሑድ ካፖርታቸውን አስተካክለው ቦርሳቸውን አነሱ። ቦርሳው ውስጥ ስዊድን ከገቡ ጀምሮ የደረሳቸው ደብዳቤ ሁሉ አለ፤ የፒዛ ማስታወቂያ እንኳ አልቀረም። ማህተም የሚመስል ነገር ያለበትን ወረቀት መጣል አይሆንላቸውም።

«ነይ እንጂ ኢየሩስ፣ ምን ያፈዝሻል? ሰዓቱ እኮ እየሄደ ነው።»

ኢየሩሳሌም ተከተለቻቸው። ልቧ ግን ወደ ኋላ ይጎትታታል።

ሶደርማልም ሰፈር ያለው ይህ ቤተ መጻሕፍት በሳምንት አንድ ቀን ጠበቆች መጥተው ያለ ክፍያ ሰው የሚያማክሩበት ነው። ለአንድ ሰው አስራ አምስት ደቂቃ፣ በቃ። ሁለቱ ጎረቤቶች ከሰፈራቸው ከቮርቢ ጎርድ በቱነልባና ባቡር የመጡት ለነዚህ ደቂቃዎች ነበር። እማማ ሸዋሉል ሃያ ስድስት ዓመት የኖሩበትን ቤት ቁልፍ በወሩ መጨረሻ እንዲያስረክቡ ደብዳቤ ደርሷቸዋል። ደብዳቤው ቤቱን ለመልቀቅ ተስማምተው ፈርመዋል ይላል። እውነት ነው፣ ፈርመዋል።

ኢየሩስ ገና የአስራ አምስት ዓመት ልጅ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሆኖም ስዊድንኛ ደብዳቤ የከበደው ጎረቤት ሁሉ የሚሮጠው ወደሷ ነው። እናቷማ ከቅዳሴ በኋላ «የኔ ልጅ እኮ የሰፈሩ ጠበቃ ናት» ሳትል አትመለስም። ይህን በሰማች ቁጥር ኢየሩስ ደስ ይላት ነበር። አሁን ግን ስትሰማው መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ትመርጣለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ወር በፊት የእጅ ኳስ ልምምድ ልትገባ ጫማዋን ስታስር፣ እማማ ሸዋሉል የሁለት ገጽ ፎቶና የድምፅ መልእክት ላኩላት። የድምፁን መጀመሪያ ብቻ ሰማችና የመጀመሪያውን ገጽ ከፈተች፤ ስለ ወጥ ቤትና ስለ መታጠቢያ ቤት እድሳት ያወራል። አሰልጣኙ ስሟን እየጠራ ይጮኻል። ሁለተኛውን ገጽ ሳትከፍት ይፈርሙ ብላ መለሰችላቸው። ቤቱን እለቃለሁ የሚለው ጉድ ያለው እዚያ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እማማ ነገሩን አንድም ቀን አላነሱባትም። ረስተውት ይሆናል እያለች ራሷን ስታጽናና ከረመች። መልእክቱን ግን ደግማ ለመክፈት ድፍረቱ አልነበራትም።

ጠበቃዋ አኒካ እባላለሁ ብላ ሁለቱንም ጨበጠችና ቀጥታ ወደ ሥራዋ ገባች። ወረቀቶቹን አንብባ ስትጨርስ ሰባት ደቂቃ ሄዶ ነበር።

«ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለው ፊርማ የርስዎ ነው?»

ኢየሩስ ተረጎመች። «የኔ ነው» አሉ እማማ ሳያመነቱ።

«ሲፈርሙ ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር?»

እማማ ሸዋሉል መልሱን ከቤት አዘጋጅተው የመጡ ይመስላሉ። «የአከራዩ ሰው በር ላይ ቆሞ ያዋክበኛል። ይግቡና ሻይ ይጠጡ ብለው እምቢ አለ። ሰው ደጅ አስቁሜ ወረቀት ሳገላብጥ ልውል? ነውር ነው። መነጽሬንም ሳላደርግ ፈረምኩ። ማንንም አላማከርኩም በያት።»

ኢየሩስ ክው አለች። «እማማ፣ ግን እኮ...»

«ማንንም አላማከርኩም!» ይህን ሲሉ ለጠበቃዋ ፈገግ እንዳሉ ነው። «አንቺ ልጅ ነሽ። የማንም ሸንጎ ላይ ስምሽ አይነሳም። እናትሽስ ብትሰማ?»

አልረሱትም ማለት ነው። ሁለት ወር ሙሉ ጎረቤት ሁሉ «ምን ነካዎት፣ ሳያነቡ ይፈረማል?» እያለ ሲወቅሳቸው፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ጥፋቷን ተሸክመውላት ነበር። ኢየሩስ እንባዋ መጣ። በቁጣ ቢጮኹባት ይሻላት ነበር። የተባለችውን ሳታጓድል ተረጎመች።

ጠበቃዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «መነጽር አላደረግኩም ማለት ብቻውን አይበቃም። ያላነበቡትም ላይ ቢሆን ፊርማ ፊርማ ነው። ሰውየው ስለ ወረቀቱ የተሳሳተ ነገር ነግሯቸው ከሆነ ግን የምንከራከርበት አለን። ይህን የሚያሳይ ነገር አለ? የሰማ ሰው? መልእክት?»

«ምን አለች?» አሉ እማማ።

«ማስረጃ አለ ወይ ነው የምትለው።»

«የለም በያት።»

አራት ደቂቃ ቀርቷል። «የለም» ብትል ነገሩ እዚሁ ያበቃል። እናቷም አትሰማም። እማማ ግን ሃያ ስድስት ዓመት የኖሩበትን ቤት በካርቶን አሽገው ወደማያውቁት ሰፈር ይሄዳሉ፣ ያውም ሥራ ጨርሰው ጡረታ ከወጡ በኋላ። ኢየሩስ ቀና አለች።

«የለም ይላሉ» አለች በስዊድንኛ። «ይህ የሳቸው ቃል ነው፣ እንዳለ ተርጉሜዋለሁ። አሁን የምናገረው ግን የራሴን ነው።»

የእማማ ስዊድንኛ ለገበያና ለሐኪም እንጂ ለሕግ አይበቃም፤ ልጅቷ ስልኳን ስታወጣ ግን ገባቸው። «ኢየሩስ! ምን ልታደርጊ ነው?»

መልእክቱን ፈልጋ ከፈተችው። የእማማ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። «ኢየሩስዬ፣ የቤቱ ሰውዬ በር ላይ ቆሞልኛል። አንድ ጊዜ እይልኝማ። ልፈርም ወይ?» ድምፃቸውን ተከትሎ ከበሩ በኩል የወንድ ድምፅ ተሰማ፣ ችኩልና ጥርት ያለ፦ «ባራ ሬኖቬሪንግ! ባራ ሬኖቬሪንግ!»

እድሳት ብቻ ነው ማለቱ ነው። ይህን ደግሞ ማንም ሊተረጉምላት አላስፈለገም፤ ጠበቃዋ ከወንበሯ ብድግ አለች። ኢየሩስም መልእክቱን እስከ መጨረሻው የሰማችው ገና አሁን ነው።

«ድገሚልኝ እስቲ» አለች ጠበቃዋ።

ኢየሩስ ደገመችላት። «ቀጥሎ ደግሞ የኔ መልስ አለ» አለችና እሱንም አሰማቻት። «እድሳት ነው እማማ፣ ይፈርሙ፣ ችግር የለውም!» ይላል የራሷ ድምፅ፣ በደስታ። አንገቷን ደፍታ ተረጎመችው። «ሁለተኛውን ገጽ አላነበብኩም ነበር» አለች።

እማማ ሸዋሉል ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ጠበቃዋ አስራ አምስት ደቂቃው ካለቀ በኋላም መጻፏን አላቋረጠችም። «ጉዳያቸውን ይዤ እከራከራለሁ፣ ክፍያ አልቀበልም» አለች በመጨረሻ። «እንደምናሸንፍ ቃል አልገባም። ነገሩ ሂረስኔምንደን ይሄዳል፣ የቤት ኪራይ ክርክር የሚታይበት ሸንጎ ነው። እዚያ የአከራዩ ጠበቃ ለምን ሁለተኛውን ገጽ አላነበብሽም ብሎ ይጠይቅሻል። ዝም ማለት የለም።»

«አውቃለሁ። እመልስለታለሁ።»

«ከዛሬ በኋላ ደግሞ ለሳቸው ልታስተረጉሚ አትችዪም። በአንድ ጉዳይ ላይ ምስክርም አስተርጓሚም መሆን አይቻልም። ዕድሜሽም ገና ስለሆነ ወላጅሽ ማወቅ አለባት።»

ኢየሩስ ይህን ለእማማ ተረጎመችላቸው። «ሌላ አስተርጓሚ፣ ሌላ ቶልክ ይመጣል እማማ። ምስክርዎ እኔ ነኝ።»

«ሌላ ቶልክ? የማላውቀው ሰው ገመናዬን ሊሰማ?»

«ሁለቱንም ገጽ የሚያነብ ነው የሚመጣው።»

እማማ ሳቃቸው አመለጣቸው። ከዚያ አኮረፉ፣ ከዚያ ደግሞ ጉንጯን ሳሙት።

ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ ክንዷን ያዙት። «ለእናትሽ እኔ እነግራታለሁ። አንቺ ዝም በይ። አለሳልሼ፣ ቀስ አድርጌ፣ የኔ ጥፋት ነው ብዬ...»

«አይሆንም እማማ። እስካሁን የዋሹልኝ ይበቃል።» እንዲህ ያለ ቃል ለትልቅ ሰው ከአፏ በመውጣቱ ራሷም ደነገጠች፤ ግን አልመለሰችውም።

እማማ ሸዋሉል ክንዷን ለቀቁላትና አጠገቧ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ እስክትጨርስ ሊጠብቋት።

ኢየሩስ ለእናቷ ደወለች። ስልኩ ሦስት ጊዜ ጠራ።

«እማ፣ እረፍት ላይ ነሽ?» አለች ኢየሩስ። «ጥሩ። የምነግርሽ ነገር አለ። እስክጨርስ ድረስ ምንም እንዳትዪ።»