የመጨረሻው ቅጂ

ወንድይራድ በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የመጋዘኑን የብረት በር ይከፍታል፤ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል፤ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ያብሳል፤ ከዚያም ሁለት መጻሕፍት ጎን ለጎን ዘርግቶ ገጽ በገጽ ያስተያያል። እንጀራው ይኸው ነው። ስድስት ዩኒቨርሲቲዎች ለድሮ መጻሕፍታቸው ቦታ አጥተው ሲቸገሩ ኖረው በመጨረሻ ተስማሙና፣ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ያለውን አሮጌ የጥጥ መጋዘን የጋራ ማከማቻ አደረጉት። ውሉ ቀላል ነው። ሁሉም ያላቸውን ይልካሉ፤ ከአንድ መጽሐፍ ቅጂዎች መካከል ደህነኛው «የመጨረሻ ቅጂ» የሚል ማኅተም ተመትቶበት ለስድስቱም ይቀመጣል፤ ፈላጊ ሲመጣ ይዋሳል፤ የተረፉት ይወገዳሉ። የትኛው እንደሚቀር የሚወስነው ወንድይራድ ነው፤ የተወገደውን ወደ ወረቀት መቆራረጫው ማሽን የምትከተው ደግሞ የሥራ ባልደረባው ከድጃ ናት።

መጋዘኑ ውስጥ ቀኑ ቀን አይመስልም። ፀሐይ ቀለም ትበላለች ተብሎ መስኮቶቹ በጥቁር ሸራ ስለተሸፈኑ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር (ክረምት ላይ ደግሞ የማይጠፋበት ቀን የለም) ከጠረጴዛው ማዶ ያሉት የብረት መደርደሪያዎች አንድ በአንድ ወደ ጨለማው ይገባሉ፤ የቆርቆሮው ጣሪያ በዝናብ ሲደበደብ ሰው የራሱን ሳል እንኳ አይሰማም፤ ከወለሉ የሚነሣው የጥንቱ የጥጥ ፍሬ ዘይት ሽታ ከአሮጌ ሙጫና ከእርጥብ ወረቀት ሽታ ጋር ተደባልቆ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ሌላ ሰው ቢሆን ሳምንት አይቆይም ነበር። ወንድይራድን ግን አላስጨነቀውም፤ የሚያስጨንቅ ነገር ካለፈበት ሦስት ዓመት ሆኖታል።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሐምሌ አራት ቀን፣ ከአንድ ልጁ ከያፌት ጋር ወደ ወልድያ የተሳፈረበት አውቶቡስ ገደል ገባ። መስኮት ዳር የተቀመጠው ወንድይራድ ነበር። «በስንጥቁ ብርድ ገባብኝ» ቢል ልጁ ተነሥቶ ቦታ ቀየረው፤ ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሄዱም። ያፌት የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ከተመረቀ ገና ሁለት ሳምንቱ። ወንድይራድ ቀብሩ ላይ አላለቀሰም፤ ከዚያም ወዲህ አላለቀሰም። ከሞቱት በላይ፣ ካሉት በታች ሆኖ ይኖራል፤ የሚበላው ጨው ይኑረው አይኑረው አያውቅም፤ ሰው ሲስቅ ፊቱን ያያል እንጂ ነገሩ አይገባውም። የቀረው አንድ ነገር መደርደሪያ ላይ ነው፤ ያፌት ስለ አካባቢው የውሃ ምንጮች የጻፈው፣ ሰማያዊ ሽፋን ያለው የመመረቂያ ጽሑፍ። ሌላ ቅጂ ስላልነበረው ማኅተሙን የመታበት ራሱ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ትምህርት ክፍሉ በጥቁር የተከበበች ብጣሽ ወረቀት ለጥፎበታል፦ «የዚህ ጽሑፍ ባለቤት ተማሪ ያፌት ወንድይራድ ሐምሌ 4 ቀን በመኪና አደጋ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል።» በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ሄዶ ያነባታል፤ አንብቦ ጽሑፉን ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

ነገሩ የጀመረው በትንሹ ነው። አንድ ጠዋት የአንድ የእርሻ መጽሐፍ ሁለት ቅጂዎች ሲያስተያይ፣ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ከሚራራቁ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች የመጡ ሆነው ሳለ፣ በሁለቱም ኅዳግ ላይ፣ በዚያው ገጽ በዚያው መስመር፣ አንድ እጅ በእርሳስ የጻፈው ጽሑፍ አገኘ፤ አንዱ ላይ «ትክክል» ይላል፣ ሌላው ላይ «ስሕተት»። ለከድጃ ቢያሳያት «ተማሪ ምን ሥራ አለው ጋሼ፣ ሲሞነጫጭር የሚውል» ብላ ሳቀች። ሌላ ቀን ማሽኑ ሲሠራ ከመደርደሪያዎቹ ወዲያ፣ መብራቱ ከማይደርስበት፣ ብዙ ሰው ባንድ ላይ ገጽ የሚገልጥ የሚመስል ድምፅ ሰማ፤ ማሽኑ ሲቆም ድምፁም ቆመ። አይጥ ነው ብሎ አለፈው። አይጥ ገጽ በገጽ እንደማይገልጥ ያውቃል፤ ቢሆንም አይጥ ነው አለ።

ከዚያ የጋሽ ይመር ነገር መጣ። ጋሽ ይመር የመጋዘኑ ዘበኛ ናቸው፤ ፕላስቲክ ለብሰው፣ በሩ ላይ ከእንጨት ዱካቸው ላይ ቁጭ ብለው ዝናቡን ሲሳደቡ የሚውሉ ሽማግሌ። «እናንተ የተማራችሁ ሰዎች ጉድ ናችሁ!» ይሉታል፣ በጆንያ በጆንያ የሚወጣውን ብጥስጣሽ ሲያዩ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል ነው የተባለው። እናንተ አንዱን ነቅላችሁ ነው የምትጥሉት!» በወጣትነታቸው ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው መምህርነቱ እንዳልሆነላቸው ደጋግመው ያወራሉ። አንድ ማክሰኞ የዚያው ማሠልጠኛ የ1968 ዓ.ም. የምረቃ መጽሔት በሁለት ቅጂ መጣ። በአንደኛው ፎቶ ላይ ሠላሳ ሁለት ተመራቂዎች ቆመዋል፤ ከኋላ ጫፍ ላይ ያለው ባለ ትልቅ ጆሮ ልጅ ጋሽ ይመር ናቸው፣ ስማቸውም ከሥር አለ። በሌላኛው ያንኑ ግድግዳ ተደግፈው ያንኑ ሳቅ የሚስቁት ሠላሳ አንድ ናቸው፤ ጫፉ ላይ ግድግዳው ብቻ ይታያል። ወንድይራድ ደጋግሞ ቆጠረ። ቅጹ ላይ ግን ለእንዲህ ያለ ልዩነት የተተወ ቦታ የለም፤ የሚጠየቀው ጥራዝ፣ ሽፋን፣ የጎደለ ገጽ ነው፤ ሠላሳ ሁለት ያለበትን ደግሞ ምስጥ በልቶታል። እጁ እንደለመደው ሠላሳ አንዱ ላይ ማኅተሙን መታና ሌላውን ለከድጃ ሰጣት።

በነጋታው በሩ ላይ ዱካው የለም። የጋሽ ይመር እግር ሲረግጠው ኖሮ በተመለጠው መሬት ላይ ጉልበት የሚደርስ ሣር በቅሏል።

«ጋሽ ይመር አሟቸው ነው?» አላት ከድጃን።

«የምን ይመር ጋሼ?»

«ዘበኛው ነዋ።»

«ወላሂ ዛሬ ምን ነካዎት? እዚህ ዘበኛ ኖሮ ያውቃል?» አለችው። እየቀለደች መስሎት ፊቷን አየ፤ ቀልድ አልነበረም።

ምሳ ሰዓት ላይ ቤታቸው ድረስ ሄደ። በር ላይ ሽንኩርት የምትሸጠው የጋሽ ይመር ሚስት፣ በየዒዱ ዳቦ የምትልክለት ሴት፣ ሰላምታውን እንደ እንግዳ ተቀብላ ባል አግብታ እንደማታውቅ ነገረችው። መጮህ፣ መሮጥ፣ ለሰው መንገር ነበረበት። ወንድይራድ ግን ለድንጋጤ የሚሆን ነገር ውስጡ ፈልጎ አጣ፤ ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠና ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ መጻሕፍት አስተያየ። አንድ ሰው ከዚህ ዓለም ፍቆ እንዳጠፋ የገባው አሥራ ሁለተኛውን ሲከፍት ነው።

ሐሙስ ጠዋት ከአምስተኛው ዩኒቨርሲቲ የመጣውን ካርቶን ሲፈታ ሰማያዊ ሽፋን አየ። የያፌት ጽሑፍ ነው። ልጁ ከተማረበት ዩኒቨርሲቲ በቀር ያንን ጽሑፍ ማንም ሊኖረው አይገባም ነበር። መብራት ጠፍቷል፤ ዝናቡ ጣሪያው ላይ ይወርዳል፤ ወንድይራድ የእጅ ባትሪ አብርቶ የራሱን ቅጂ ከመደርደሪያው አመጣና ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋቸው። ሽፋኑ አንድ፣ ፊደሉ አንድ፣ ሁለተኛው ገጽ አንድ። ሦስተኛው ገጽ ላይ በጥቁር የተከበበችው ብጣሽም አለች፤ ሙጫዋ እንኳ በዚያው ጥግ ነው ያበጠው። እንዲህ ትላለች፦ «የዚህ ጽሑፍ ባለቤት የተማሪ ያፌት አባት አቶ ወንድይራድ ሐምሌ 4 ቀን በመኪና አደጋ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።»

ሁለቴ አነበባት። ገጹ ላይ ጠብታ ሲያርፍ ጣሪያው ያፈሰሰ መስሎት ቀና አለ፤ ያፈሰሰው የራሱ ዐይን ነበር። በዚያኛው አውቶቡስ ላይ ማንም ቦታ አልቀየረም። በዚያኛው ልጁ ተርፏል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጠዋት ተነሥቶ ፊቱን ይታጠባል። ወንድይራድ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራ፤ የፈራው ለራሱ አይደለም፣ ይህ ነገር ከእጁ እንዳያመልጠው ነው።

አንዴ ማኅተም የተመታበትን ቅጂ በሌላ ለመለወጥ የስድስቱም ካርቶን ተሟልቶ መታየት አለበት ይላል ውሉ። የስድስተኛው ዩኒቨርሲቲ መኪና ደግሞ መንገዱ በናዳ ተዘግቶበት አራት ቀን ሆኖታል። ልጁ አፈር ውስጥ ያለበት አባት ካርቶን አይጠብቅም። ሠላሳ ዓመት በቤተ መጻሕፍት ሲሠራ አንዲት ደንብ ጥሶ የማያውቀው ሰው፣ በራሱ ቅጂ ላይ ያለውን ማኅተም ሰረዘ፣ በአዲሱ ላይ መታ፣ ቅጹ ላይ «ልዩነት የለም» ብሎ ፈረመ።

«ይሄ የልጅዎ አይደለም እንዴ ጋሼ?» አለች ከድጃ፣ የሚወገደውን ስትቀበል።

«ነው። የተሻለ ቅጂ መጣ።»

«ታዲያ ቤትዎ ይውሰዱት እንጂ! ማን ይጠይቅዎታል?»

«አይሆንም። አሁኑኑ ክተቺው።»

ከድጃ እርጥብ ፊቱን አየችና «አብሽሩ ጋሼ» አለችው፤ ሌላ ምን ይባላል። መብራቱ እንደመጣ ይዛው ሄደች።

ማሽኑ ሲነሣ ያ የገጽ ድምፅም ተነሣ፤ እንደ ሌላው ጊዜ ከመደርደሪያዎቹ ወዲያ ሳይሆን ከጆሮው ሥር። መጀመሪያ የጠፋው ሽታው ነው፤ ዘይቱ፣ ሙጫው፣ እርጥቡ ወረቀት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ። ቀጥሎ ቅጹ ላይ የፈረመው ፊርማ ዐይኑ እያየ ደበዘዘና የታተመው መስመር ብቻ ቀረ። ከድጃ እጇን እየጠረገች ተመለሰች፤ ዐይኗ በእሱ ላይ አልፎ ግድግዳው ላይ አረፈ፤ እርጥብ ካፖርቷን አውልቃ እሱ የተቀመጠበት ወንበር ላይ ጣለችው። አልከበደውም፣ አልበረደውም። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ስለኖረ ልዩነቱ ብዙም አልታወቀውም። ደስታ ግን ተሰማው፤ ንጹሕ፣ ትልቅ ደስታ፣ የያፌት እናት በሕይወት ሳለች ያውቀው የነበረ ዓይነት።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ደጅ መኪና ቆመ።

«እንደምን ዋላችሁ?» አለ አንድ ድምፅ በሩ ላይ።

ወንድይራድ ያንን ድምፅ ከሺህ ሰው መካከል ይለየዋል። ያፌት ፂም አውጥቷል፣ ትከሻው ሰፍቷል፣ ጫማው ጭቃ በጭቃ ነው፤ ያለከልካል፣ ይተነፍሳል። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ስሙን ተናገረ፤ ከስድስተኛው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት እንደመጣ፣ ናዳው ዛሬ ገና እንደተጠረገ ለከድጃ ነገራት።

«ወጣት ልጅ ሆነህ ምን አቧራ ውስጥ ከተተህ?» አለችው።

«አባቴ የቤተ መጻሕፍት ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማርና። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው።»

ወንድይራድ ስሙን ሊጠራው አፉን ከፈተ፤ የወጣ ድምፅ የለም። ግድ የለም አለ በልቡ። እዚህ ቁጭ ብዬ ባየው ይበቃኛል።

ከድጃ ካርቶኑን ፈታች። ከሁሉም በላይ ሰማያዊ ሽፋን ነበር። ጉዳት እንዳለው ለማየት ገለጠችው፤ ሦስተኛው ገጽ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ሳለ ዐይኗን ወደ መዝገቡ መለሰች። ገጹ ላይ ብጣሽ አልተለጠፈም፣ ሙጫም አልነካውም። በቦታው ያፌት በገዛ እጁ የጻፈው አለ፦ «ሐምሌ 4 ቀን አውቶቡስ አምልጦን እየሳቅን ወደ ቤት ስንመለስ፣ ያን ቀን ሙሉ ተቀምጦ ይህን ጽሑፍ ላነበበልኝ፣ ዛሬም አጠገቤ ላለው አባቴ።»

«ይሄማ ያንተው ነው!» አለች ከድጃ፣ ጽሑፉን ዘግታ ሽፋኑ ላይ ያለውን ስም ስታይ። «ግን ማኅተም ያለበት ተይዟል፣ ይኸው ዛሬ ጠዋት ነው የተመታው። ትወስደዋለህ?»

«ምን ያደርግልኛል?» አለ ያፌት እየሳቀ። «ደንብ ደንብ ነው።»

ወንድይራድ ብድግ ብሎ ጽሑፉን በሁለት እጁ ያዘው፤ ጽሑፉ ግን ከጠረጴዛው አልተነሣም። ከድጃ ማሽኑን አስነሣች።

ያፌት ሽፋኑን እንኳ ሳይገልጥ አነሣው፣ ማሽኑን እንዳያንቀው አባቱ እንዳስተማረው ጥራዙን ገነጠለ፣ ከዚያም ከፊት ገጾቹ ጀምሮ ከተተው።