ለአንድ ሐኪም የተከፈተ ቦታ

ሟቹ ሻምበል ቀዶ ሐኪም ነበር፤ አሁን በገዛ ሆስፒታሉ ሬሳ ክፍል በቁምጣ ተጋድሟል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በጦር ሰፈሩ ሜዳ የብቃት ሩጫ ሲፈተን፣ ከስምንቱ ዙር ስድስቱን ጨርሶ ወደቀ፤ አልተነሳም። ዕድሜው ሠላሳ አምስት ነው። ከአምስት ቀን በፊት ፋይሉ ውስጥ የገባው የልብ ምርመራ «ጤናማ» ይላል። ጤናማ ልብ ደግሞ እንዲህ በዋዛ አይቆምም፤ ስለዚህ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ከዘበኛው እስከ ሐኪሞቹ ድረስ «መርዘውት ነው» ተባለ። ሐኪሞች ወሬ አይወዱም የሚል ሰው ካለ የእነሱን ሻይ ክፍል አያውቅም።

መርማሪዋ የወታደራዊ ፖሊስ ሻለቃ ናት። ከጀርባዋ «ሻለቃ ለምን» ይሏታል፤ ምንም ነገር ቢነገራት መጀመሪያ የምትለው ይህንኑ ነውና። ሬሳውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ደረቱ ላይ ቆየች። ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ከአንገቱ ሥር እስከ እምብርቱ ሳይቋረጥ ይወርዳል። አንሶላውን መለሰችና ወደ ሆስፒታሉ አዛዥ ቢሮ ወጣች።

ኮሎኔሉ ያዘኑ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ቶሎ ቶሎ ሰዓታቸውን ያያሉ። ጠረጴዛቸው ላይ የሠራዊቱ ሐኪሞች የሥራ ዜና መጽሔት ተዘርግቷል፤ ማን እንደተሾመ፣ ማን እንደተዛወረ፣ የት ቦታ እንደተከፈተ በየወሩ የሚያወጣው። አንዱ ማስታወቂያ በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል። የልብ ቀዶ ሕክምና ትምህርት፣ ውጭ አገር፣ አምስት ዓመት፣ ሠላሳ ስድስት ላልሞላው አንድ ወታደራዊ ሐኪም።

«ሐዘኑ እንዳለ ሆኖ» አሉ ኮሎኔሉ፣ «እስከ አስር ሰዓት ስም ካልላክን ቦታው ለሌላ ሆስፒታል ይሄዳል። ከዚህ ቤት በአስራ አንድ ዓመት አንድ ሰው አላለፈልንም። አንደኛ የታጨው ሟቹ ነበር፤ ተጠባባቂው ግን ሁሉን አሟልቷል፤ ሩጫውንም ጭምር።»

ተጠባባቂው የአጥንት ሐኪሙ ነው፤ እሱም ሻምበል፣ የሟች የልብ ጓደኛ። በሦስት ወር ውስጥ ሠላሳ ስድስት ይሞላዋል፤ ይህ ካመለጠው ሌላ የለውም። ኮሎኔሉ ይህን ሲናገሩ ትንሽ አፈሩ፤ ብዕሩን ግን ከእጃቸው አላስቀመጡም። ሻለቃዋ የስም መላኪያ ደብዳቤውን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዳይፈርሙ ለምናቸው ወጣች።

ሩጫው ሜዳ ላይ ተረኛ የነበረችውን ሐኪም፣ ለጋ መቶ አለቃ፣ አምቡላንሱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ልጅቷ ፊቷን ታጥባለች፣ ታለቅሳለች፣ እንደገና ትታጠባለች። ሲወድቅ ደርሳ ደክሞ ራሱን ሳተ ብላ እግሩን ከፍ እንዳደረገች፣ ውሃ እንዳፈሰሰችበት፣ ሲያቃስት ትንፋሽ መስሏት እንደጠበቀች ተናገረች። የልብ ማስነሻው መሣሪያ አጠገቧ፣ እዚያው አምቡላንስ ውስጥ ነበር። ያነሳችው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው።

«ለምን ዘገየሽ?»

«ጠዋት የሁሉንም ፋይል አንብቤያለሁ። የእሱ ልብ ከሁሉ የተሻለው ነበር። ልብ ይሆናል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ሻለቃ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ሻለቃዋ አላጽናናቻትም። እውነቱን ገና አላወቀችምና ልታጽናናት አልደፈረችም።

የሟች ሚስት የሆስፒታሉ ፋርማሲስት ናት። ባሏ ከወደቀ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሜዳው ደርሳ ቦርሳውን ይዛ እንደሄደች እዚያ የነበረ ሁሉ አይቷል፤ የመርዙ ወሬም የተጋጋለው ከዚያ ነው። ሻለቃዋ ፋርማሲው ውስጥ ስታገኛት የውሃ ኮዳው ታጥቦ መደርደሪያ ላይ ተደፍቷል። ሚስትየዋ ዓይኗ ደርቋል። ለምን እንዳጠበችው ስትጠየቅ ብዙ አልተሟገተችም፤ ከነጭ ጋውኗ ኪስ ግማሹ ያለቀ የኪኒን እሽግ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አኖረችው። የልብ መድኃኒት ነው።

«ኮዳው ውስጥ ውሃ ብቻ ነበር። እኔ ከቦርሳው የፈለግኩት ይኼን ነው፤ ኮዳውን ያጠብኩት እጄ የሚይዘው ስላጣ ነው። ሁለት ዓመት በእናቴ ስም እያወጣሁ ሰጠሁት። በሽተኛ መሆኑ ከታወቀ ከሠራዊቱ ያሰናብቱታል ብሎ ለመነኝ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ አንዷን ዋጥና ሩጥ አልኩት።» እሽጉን በጣቷ ገፋ አደረገችው። «ልቡ የታመመ ሰው ልብ መጠገን ልማር ሲል ምን ትያለሽ? እሺ ነው ያልኩት።»

ታዲያ በሽተኛ ልብ ይዞ ጤናማ የምርመራ ወረቀት ከየት አመጣ? ሻለቃዋ የልብ ምርመራውን፣ ኢሲጂ የሚሉትን፣ ወደሚያነሳው ባለሙያ ወረደች። ሰውዬው ከሌላ የጦር ሰፈር በውሰት ከመጣ ሁለት ሳምንቱ ነው። ሟቹን ያስታውሰው እንደሆነ ስትጠይቀው በቀን አርባ ሰው እንደሚያነሳ ነገራት።

«እኔ ደረት እንጂ ፊት አላይም። ፀጉራም የሆነውን ብቻ አስታውሳለሁ፤ በምላጭ ካልላጨሁት ሽቦው አይለጠፍልኝማ። እሱ ተነሳ በሚባልበት ቀን ግን ማንንም አልላጨሁም።»

የአጥንት ሐኪሙን መጨረሻ ላይ አናገረችው። እሱና ሟቹ ከሕክምና ትምህርት ቤት አንደኛ ዓመት ጀምሮ አንድ ክፍል ያደሩ፣ አንዱ የአንዱን ካልሲ ያደረጉ ሰዎች ናቸው። ሲያወራ አለቀሰ፤ እንባውም የውሸት አልነበረም። ከጓደኛው ሃምሳ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ ይሮጥ እንደነበር፣ ሲወድቅ ግን እንዳላየ፣ ጨርሶ ሲዞር ሰው ተሰብስቦ እንዳገኘ ነገራት። እሷም አመስግናው ወጣች።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ኮሎኔሉን፣ ሚስትየዋን፣ የሜዳዋን ሐኪምና የአጥንት ሐኪሙን ስብሰባ ክፍል አስቀመጠቻቸው። ማንም ማንንም አያይም። እዚያ ክፍል ውስጥ ንጹሕ ሰው ፍለጋ የገባ ባዶ እጁን ይወጣ ነበር።

«መርዝ የለም» ብላ ጀመረች። «ሻምበል የሞተው በታወቀ የልብ በሽታ ነው፤ ሚስቱ ታውቃለች። እንግዲህ ጥያቄው ፋይሉ ነው። ደረቱ ተላጭቶ አያውቅም፤ ባለሙያው ደግሞ ፀጉራም ሰው ሳይላጭ አይነሳም ይላል። ስለዚህ በእሱ ስም አልጋው ላይ የተኛው ሌላ ሰው ነው።»

ሁለት ወረቀት አውጥታ አንዱን ባንዱ ላይ ደርባ የመስኮቱ መስታወት ላይ ለጠፈቻቸውና መቶ አለቃዋን ጠራቻት። ልጅቷ ቀርባ አየች። መስመሩ ከመስመሩ ጋር ገጠመ፤ በየምቱ መጨረሻ ላይ ያለችው ትንሽ ጥርስ እንኳ አልተዛነፈችም።

«የአንድ ሰው ልብ ነው» አለች መቶ አለቃዋ።

«አንዱ የሟቹ ፋይል ውስጥ የነበረው ነው። ሌላው ከወር በፊት የተነሳ ነው፤ የዚህ ሻምበል።»

የአጥንት ሐኪሙ አላስተባበለም። ኮሎኔሉ ግን ነገሩ አልገባቸውም፤ ተፎካካሪውን ማን ያግዛል አሉ። ጓደኛው በልብ ምርመራው ቢወድቅ ቦታው ያለ ምንም ድካም የእሱ ይሆን ነበር።

«ትክክል» አለች ሻለቃዋ። «ስለዚህ የዚያን ቀን ያደረገው ከፍቅር ነው። እኔም አልጠራጠርም። የሚያስጨንቀኝ ዛሬ ጠዋት ነው።»

የሩጫውን የሰዓት መያዣ ሉህ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አስራ ሁለት መኮንኖች ሮጠዋል። አስሩ፣ ሰው ወደቀ ሲባል ቆመዋል ወይም ተመልሰዋል፤ ከስማቸው ፊት ሰዓት የለም። አንዱ ሞቷል። ሰዓት የተሞላለት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አስራ አራት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ፣ አልፏል።

«ከኋላው ነበርኩ ብለኸኛል። እሱ ስድስቱን ጨርሶ ነው የወደቀው። አንተ ስምንቱን ጨርሰሃል። እንግዲህ በአጠገቡ አልፈሃል ማለት ነው፤ አንዴም አይደለም። ይህች ልጅ ፋይሉን አምና ደክሞት ነው ትላለች። ፋይሉ ውሸት መሆኑን፣ የቆመው ልብ መሆኑን እዚያ ሜዳ ላይ የሚያውቅ አንድ ሐኪም ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ‹ልቡ ነው› ማለት። መሣሪያው አሥር እርምጃ ላይ ነው። ሁለት ዙር ስንት ደቂቃ ይፈጃል፣ ሻምበል?»

«አራት» አለ የአጥንት ሐኪሙ።

መቶ አለቃዋ ወንበሩን ይዛ ተቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ የተሸከመችው ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይዋ ትንሽ ወረደ፤ እፎይ ለማለት ግን አፈረች። ኮሎኔሉ ብዕራቸውን ከድነው ኪሳቸው ከተቱና ደብዳቤውን ለሁለት አጥፈው መሳቢያ ውስጥ አስገቡት። በየስብሰባው «ዘንድሮ ሰው ሳላሳልፍ አልቀርም» ሲሉ የከረሙት እሳቸው ናቸው። ሻለቃዋ በሌላ ሰው ስም መመርመሩ በሕግ የሚታይ መሆኑን፣ ሳይቆም ማለፉ ግን የትኛው አንቀጽ ሥር እንደሚገባ እንደማታውቅ በግልጽ ተናገረች።

ያን ጊዜ ነው ሚስትየዋ አንገቷን ያቀናችው። ያ ሰው ሰርጋቸው ላይ ሚዜ የነበረ፣ ቤቷ ሳያንኳኳ የሚገባ ሰው ነው።

«ሲወድቅ አይቶሃል?» አለችው።

«አይቶኛል። እጁን ወደ እኔ አነሳ።»

«አንተስ?»

«‹ሂድ፣ አንተ እንኳ እለፍ› ያለኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ሁለቱን ዙር ለራሴ እንደዚያ እያልኩ ነው የጨረስኩት።»

«አሁንስ ምን ያለህ ይመስልሃል?»

የአጥንት ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

«ድረስልኝ» አለ።