በውሸት ስም የገባችው ሴት

ይህ በእኔ የደረሰ ነው። «ፈጠራ ነው» የሚል ካለ ይበል። የማወራው ስለ ብልት ማሳከክ ነው፤ የሚያፍር ይለፈው።

ማክሰኞ ነበር፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። የክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ፀሐይዋ ፍንትው ብላለች።

ሥራዬ የሆቴል አንሶላ ማጠብ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ሲያሳክከኝና ሲያቃጥለኝ ለማንም አልተናገርኩም። የአባላዘር በሽታ መሰለኝ። አጣቢ አይደለሁ? አንሶላውን የሚያነጣው እኔንም ያነጻኛል ብዬ፣ በረኪና በውሃ እያቀጠንኩ በየቀኑ ታጠብኩበት።

ባሰብኝ።

ጎትታ ያመጣችኝ ታላቅ እህቴ ናት። መዝጋቢዋ መስኮት ጋ ስንደርስ ግን ጎኔን ቆነጠጠችኝ።

«ስምሽን እንዳትሰጪ!» አለች በሹክሹክታ። «ሰርግሽ ደርሷል። ወሬ እግር አለው።»

የውሸት ስም ሰጠሁ። መዝጋቢዋ ቀና ሳትል ጻፈች።

ተቀመጥን... ከእኔ በኋላ የመጡት ሁሉ ገብተው ወጡ።

ወደ መስኮቱ ተመለስኩ። «እህት፣ ተራዬ አልደረሰም?»

የውሸት ስሜን ስነግራት መዝገቡን በጣቷ ተከተለች።

«እሷማ ገብታለች።»

«ማን?»

«ባለካርዷ ናታ! ይኸው ፈርማለች።»

አየሁት። የእኔ ፊርማ ነው...

እኔ ግን አልፈረምኩም።

«እንሂድ» አለች እህቴ። ክንዴን ጎተተችኝ። «ሌላ ቀን እንመጣለን።»

ሌላ ቀን። ሦስት ወር ሙሉ ራሴን ያታለልኩት በዚሁ ቃል ነው።

መስኮቱን በመዳፌ መታሁት።

«የሰጠሁሽ ስም ውሸት ነው!» እውነተኛ ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ጠራሁ። «ብልቴን ያሳክከኛል። ሕመም ነው እንጂ ሌብነት አይደለም!»

እህቴ ሻርፗን ፊቷ ላይ ሳበች። ከጥግ አንዲት ሴትዮ፣ «ጎሽ የኔ ልጅ!» አሉ።

አዲስ ካርድ ወጣልኝ። ገባሁ።

ለሐኪሟ በረኪናውን ሳልደብቅ ነገርኳት።

«ቆዳሽ እኮ አንሶላ አይደለም!» አለች። «በረኪናው ይቁም። ሌላውን መርምረን እናያለን፤ ቢገኝብሽም እናክምሻለን።»

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ከአንቺ በፊት የገባችውም እንዳንቺው ናት። ግን አርባ ዓመት ደብቃዋለች። "ለምን?" ስላት፣ "ሰው እንዳያውቀኝ" አለችኝ።»

«የታለች?»

ሐኪሟ የምርመራ አልጋውን ወደከለለው መጋረጃ ዞረች። «እናት፣ ይበቃል፤ ተነሺላት።»

አልጋው ሲጥ አለ...

ማንም አልወረደም።

መጋረጃውን ገለጥኩት። ባዶ ነው። ፍራሹ ግን የሰው ቅርጽ ይዞ ጎድጉዷል።

እግሬ «ሩጪ» አለኝ። አልሮጥኩም። ልብሴን አወለቅሁና እዚያው ቅርጽ ላይ ተጋደምኩ።

ይሞቃል።

«መብራቱን አቅርቢው» አልኳት። «በደንብ እዪው።»

ሐኪሟ ጎንበስ አለች። ጓንት ያጠለቁት ሁለቱም እጆቿ ጉልበቴ ላይ ናቸው።

በዚያች ቅጽበት ከራስጌዬ ሁለት ቀዝቃዛ እጆች መጡና ፊቴን ሸፈኑት...

አልጮህኩም። ጣቶቹን አንድ በአንድ እያላቀቅሁ ከፊቴ ላይ አነሳኋቸው።

የተጨማደዱ የአሮጊት ጣቶች ነበሩ። በአንደኛው ላይ፣ እጮኛዬ ባለፈው ወር ያጠለቀልኝ ቀለበት ተበልቶ ክር አክሏል።