ከሰባት ወደ ዘጠኝ

ሟቹ የተገኘው የገዛ ፕሮግራሙ በቆለፈው በር ኋላ ነው። ኮምፒውተሮቹ በተደረደሩበት ቀዝቃዛ ክፍል፣ ጉንጩን ወለሉ ላይ አድርጎ። እሳት ሳይነሳ የእሳት ማጥፊያው ጋዝ ተለቆ አየር አሳጣው። ደወል ሲጮኽ መከፈት የነበረበት በር ዝም አለ።

ዝም ያለው ግን ያኔ ብቻ ነው። ሬሳው ከወጣ በኋላም፣ ሰው ካርዱን ባስጠጋ ቁጥር በሩ በሟቹ ድምፅ «ደህና ዋላችሁ፣ ግቡ» ይላል። ሰውዬው ራሱ ቀድቶት ነበር። ሠራተኛው ሁሉ በዚያ በኩል ማለፍ ትቷል።

መርማሪዋን «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ናት፣ ትወጋለችም። መጀመሪያ አብራው የምትሠራውን የሟቹን ልጅ አስቀመጠች።

«አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ።

«እሱን ለእኔ ተዪው። ምን አደረግሽ?»

ፕሮግራም አንድ ሰው ብቻውን የሚሰፋው ልብስ አይደለም፤ ግማሹ ከሌላ ቦታ የተዋሱት ቁራጭ ነው። መገጣጠሚያው ማሽን ቁራጮቹን በስምና በቁጥር ይጠራል፤ ቁራጩ ሲታደስ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ደወሉን ከበሩ የሚያገናኘውን ቁራጭ አባትየው ራሱ ሠርቶ፣ ለሆስፒታሎች የበር ፕሮግራም በሚያቀርበው ድርጅታቸው መጋዘን አኑሮ፣ ማሽኑን «ሰባት ብቻ» ብሎ አዞት ነበር።

«እኔ ‹ሰባት ወይም ከዚያ በላይ› ብዬ ለወጥኩት። አዲስ በመጣ ቁጥር መነካካት ሰልችቶኝ። በዚያው ተኮራረፍን። በሞተ ዕለት ጠዋት ሳስገጣጥም ማሽኑ ከውጭ፣ ማንም የፈለገውን ከሚያስቀምጥበት የሕዝብ መጋዘን፣ በዚያው ስም ዘጠኝ የሚል አምጥቶ ከተተ።»

ትልቅ ቁጥር ያየ ማሽን የማን ነህ ብሎ አይጠይቅም። ዘጠኝ ደግሞ የሟቹን ካርድ ሲያይ በሩን ዘግቶ ጋዙን እንዲለቅ የተጻፈ ነበር።

ቀጥሎ የሟቹ የሥራ ሸሪክ ገባ፤ ሽቶው ቀድሞት።

«እኔ ያን ዕለት ሌላ ከተማ ነበርኩ።»

«መች ጠየቅኩዎ? ሟቹ ወደዚያ ክፍል ምን ሊሠራ ገባ?»

«አዲሱን ቁራጭ፣ ስምንትን፣ መጋዘኑ ውስጥ ሊያስገባ ነዋ። ለኔ ብቻ ነበር ያሳየኝ፤ ከልጁ ጋር እንኳ አይነጋገሩም ነበር።» ዐይኑን ጠረገ። የሚጠረግ ነገር አልነበረበትም።

በሮቹን የሚገጥመው ኤሌክትሪሻን የመጨረሻው ነበር።

«እኔ እቴ፣ ሽቦ ነው የማውቀው። በሮቹ ላይ ያየሁት ሰባት የሚለውን ነው፤ ሌላ አልሰማሁም።»

መርፌ ሦስቱንም በሩ ፊት ሰበሰበቻቸው። ሸሪኩ ሳያስበው ካርዱ ወደ በሩ ተጠጋ። «ደህና ዋላችሁ፣ ግቡ» አለ ሟቹ። ሸሪኩ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ከሰባት ቀጥሎ ስንት ነው?» አለች መርፌ።

«ስምንት ነዋ» አለ ኤሌክትሪሻኑ። «አንደኛ ክፍል ልታስገቢን ነው?»

«ሰባትን ብቻ የሚያውቅ ሰው ማሽኑን ለመሸወድ ስምንት ይበቃው ነበር። ይኼኛው ዘለለው። ስምንት መሠራቱን የሚያውቅ ነው፤ ያን ዕለት ስምንት መጋዘኑ ቢገባ በቁጥር እንዳይበልጠው የራሱን ዘጠኝ አለው። ‹ለኔ ብቻ አሳየኝ› ያሉት ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

«በአንድ ቃል ሰው ይታሰራል?»

«አይታሰርም። ስምንትን ከሟቹ ኮምፒውተር አውጥተን አየነው። የሆስፒታሎቹን መድኃኒት ክፍል ያለ ካርድ የሚከፍት ስውር መግቢያ ይደፍናል። ዘጠኝ ላይ ግን ያ መግቢያ በእርስዎ የይለፍ ቃል ክፍቱን ቀርቷል። ገዳዩ ሰው ሲገድል እንኳ የራሱን ጥቅም አልረሳም።»

«ስምንትን እንዲያዘገየው ለመንኩት» አለ ሸሪኩ። «ወዳጄ ነው፤ ምን ነበረበት?»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም።

«እኔስ?»

«ገዳይ አይደለሽም። ምንም አላጠፋሽም ብዬ ግን አልዋሽሽም፤ በሩን ገርበብ አድርገሽ ተውሽለት። ዘጠኝ ሌላ የት ገብቷል?»

«ያስገጣጠምኩት ለሁሉም ነው። ሆስፒታሎቹ ጋ ደወል ቢጮኽ በሩ አይከፈትም።»

«ታዲያ ምን ይገትርሻል?»

ልጅቷ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች፤ አባቷ የሠራውን ስምንትን መጋዘኑ ውስጥ አስገባች። «ስምንት ብቻ፤ ከድርጅቱ መጋዘን ብቻ» ብላ አዘዘች። ቁልፉን ተጫነችው።

ተገጣጥሞ ሲያልቅ ገብቶ የሚሞክር ጠፋ። ኤሌክትሪሻኑ የጋዙን መልቀቂያ ነቀለና ጥግ ያዘ። መርፌ አንዳቸውንም ሳታይ ገባች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። በበሩ መስተዋት በኩል ለልጅቷ በእጇ ምልክት ሰጠቻት፦ አስጩሂው።

ደወሉ ጮኸ። በሩ ለአፍታ እንደ ግድግዳ ቆመ። ከዚያ ተከፈተ።

መርፌ ወጣች።

«በይ» አለች፣ «የሆስፒታሎቹን ላኪ።»